ቢራ እንደምጠምቅ አድርጌ የጠመቅሁት ጠላ አልጠልል አለ፤ ስህተቱ የት ነው?

ጠማቂው ከቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። ቢራ በቤት መጥመቅ የለመድኩት ነገር ነው፤ ስታውቱም፣ አይፒኤውም፣ የስንዴ ቢራውም ይወጣልኛል። ጠላ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፤ አልሆነም። ያደረግሁትን ሳላስቀር ልዘርዝረው፣ ስህተቱን ልቀሙልኝ።

የገብስ ዱቄት 3 ኪሎ፣ ለእንኩሮ ብዬ፣ ደረቁን በኦቨን በ180 ዲግሪ ለ40 ደቂቃ አመስኩት። ከ1 ኪሎ የገብስ ዱቄት ቂጣ ጋገርኩ። ብቅሉን የገዛሁት ከቢራ መጥመቂያ ዕቃ መደብር ነው፤ ጠላው ጠቆር እንዲልልኝ ካራሜል 60 የሚባለውን 1.5 ኪሎ ወሰድኩ። የጌሾ ቅጠል 250 ግራም እንደ ሆፕ (ቢራን የሚያመርረው አበባ) ለ60 ደቂቃ ቀቀልኩ። ውኃው የቧንቧ ነው፣ በጠቅላላው 20 ሊትር። ሁሉንም በአንድ ቀን 25 ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ቀላቅዬ አንድ ፓኬት ደረቅ የኤል (የቢራ) እርሾ ጨመርኩበት። የቤቱ ሙቀት 19 ዲግሪ ነው።

ዛሬ 12ኛ ቀኑ። ሃይድሮሜትሩ (ስኳሩን በፈሳሹ ክብደት የሚለካው) መጀመሪያ 1.034 አሳየ፣ አሁን 1.022 ላይ ቆሟል። መልኩ ወተት የነካው ቡና ነው። ጨምቄ ያወጣሁትን ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ባስቀምጠውም አልጠለለም። ምሬቱ ምላስ ያሳስራል። ከሁሉ የከፋው ሽታው ነው፤ የቁስል ፋሻ የመሰለ የመድኃኒት ሽታ አለው።

ምኑ ነው የተበላሸው? ይድናል ወይስ ይደፋ? ፕላስቲክ ባልዲ ስለማይታጠን የጭሱን ጣዕም ከየት ላምጣ? የአልኮሉንስ መጠን በምን ልለካ?

የጋን ዳር

ወንድሜ፣ የእህሉ ልክ ደህና ነው፤ አካሄድህ ግን የቢራ ነው። ቢራ ላይ መጀመሪያ ብቅሉን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፈህ ስታርቹን ወደ ስኳር ትለውጣለህ፣ ታጠልላለህ፣ ትቀቅላለህ፣ ታቀዘቅዛለህ፣ እርሾ የምትጨምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ሁሉም በየተራው። ጠላ ላይ ግን ስታርቹ ስኳር የሚሆነውም ስኳሩ አልኮል የሚሆነውም እዚያው ድፍድፉ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ነው። ስለዚህ እህሉ ጋን ከመግባቱ በፊት በስሎ መግባት አለበት፤ ብቅሉ ደግሞ ጉልበቱ ያልሞተ መሆን አለበት። አንተ ጋ ሁለቱም ጎደሉ።

እንኩሮ ደረቅ የታመሰ ዱቄት አይደለም። ዱቄቱ ላይ ውኃ እየረጨህ በእጅህ ታሸዋለህ፤ ስትጨብጠው የሚያያዝ፣ ስትነካው የሚፈረፈር ሲሆን ምጣድ ላይ አድርገህ ሳታቋርጥ እያገላበጥክ ታምሰዋለህ። መጀመሪያ እንፋሎት ያወጣል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ከዚያ የቆሎ ሽታ ይመጣል። ስታርቹ የሚበስለው እርጥበቱና እሳቱ አንድ ላይ ሲያገኙት ነው። ደረቁን በኦቨን ያመስከው ዱቄት ቀለምና ሽታ ይሰጥሃል እንጂ ውስጡ ጥሬ ነው፤ ብቅል አይበላውም። ያ ጥሬ ስታርች ነው ጠላህን ያደፈረሰው። ቂጣውም ለዚሁ ነው የሚጋገረው፤ ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፣ ላዩ ይቅላ፣ ውስጡ ሊጥ እንዳይቀር፣ እንዳይከስልም።

ጌሾን እንደ ሆፕ አትቀቅለው። ሆፕ ምሬቱን የሚሰጠው ሲፈላ ተለውጦ ነው፤ የጌሾ ምሬት (ጌሾይዲን የሚሉት) ግን በቀዝቃዛ ውኃም ይወጣል። አንድ ሰዓት ስትቀቅለው ምላስ የሚያሳስረውን ታኒን አወጣህበት፣ ከቅጠሉ ጋር የሚመጣውን እርሾም ገደልከው። ጥንስስ የሚነሳው በእሱ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ባልዲውን በበረኪና ነው ያጠብከው?

ስኳር ለኪ

የጋን ዳር ስለ እህሉ ያለችው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ብቅሉ ልጨምር።

ካራሜል 60 ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም የለውም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እርጥቡ ብቅል ከነገለባው ይሞቃል፣ ውስጡ እዚያው ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ከዚያ ይቆላል። ሲቆላ ኢንዛይሙ ይጠፋል። ለቢራ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢገባ ጣፋጭነትና ቀለም ይሰጣል፤ የራሱ ስኳር ግን ገሚሱን እርሾ አይበላውም። ሃይድሮሜትርህ 1.022 ላይ የቆመው ለዚህ ነው። ቸኮሌት ብቅልም፣ ጥቁር ብቅልም፣ የተቆላ ገብስም እንደዚያው ናቸው፤ ቀለም እንጂ ሥራ የላቸውም።

መግዛት ያለብህ ነጣ ያለውን መሠረታዊ ብቅል ነው። ከባለ ሁለት ረድፍ ገብስ የወጣ ቢሆን ጥሩ፣ ባለ ስድስት ረድፍ ቢሆን ይበልጥ ጥሩ። የብቅል ጉልበት በሊንትነር ይለካል፤ በአሜሪካ ገበያ ባለ ሁለት ረድፉ 130 አካባቢ፣ ባለ ስድስት ረድፉ 150 አካባቢ ነው። የድፍድፉ አማካይ ከ30 በታች መውረድ የለበትም። ያንተን እናስላው፦ ብቅል 1.5፣ ቂጣ 1፣ እንኩሮ 3፣ በድምሩ 5.5 ኪሎ። 1.5 ሲባዛ በ130 ሲካፈል ለ5.5 ወደ 35 ይመጣል። በባለ ስድስት ረድፍ ወደ 41። በካራሜል 60 ዜሮ። ልኩ ትክክል ነበር፣ ብቅሉ ነው የተሳሳተው።

ስታርች መቅረቱን ለማረጋገጥ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ብቻ አንድ ማንኪያ ነጭ ሰሃን ላይ አድርግ፣ በእኩል ውኃ አቅጥነው (ጠላ ስለሚጠቁር ቀለሙ ያሳስታል)፣ አንድ ጠብታ ቲንክቸር አዮዲን ጣልበት። ሰማያዊ ጥቁር ከሆነ ስታርች አለ። አዮዲኑ የራሱን ቡናማ ቀለም ከያዘ ጨርሷል። ፍርፋሪ ከገባበት ሁልጊዜ ይጠቁራል፤ ያ አይቆጠርም። የስታርች ድፍርስ ደግሞ በቅዝቃዜ አይጠልልም፣ ፍሪጅ ውስጥ ወር ቢቆይም።

አልኮሉን በተመለከተ፦ በጠላ ላይ የመጀመሪያው የሃይድሮሜትር ንባብ ምንም አይነግርህም። ስኳሩ በየቀኑ እየተሠራ በየቀኑ እየተበላ ስለሆነ፣ መነሻ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። በማፍላት ለካው። ያጠለልከውን 250 ሚሊ ሊትር በኃይል እየነቀነቅህ ጋዙን አስወጣ፣ በ20 ዲግሪ ለካ፣ ጻፍ። ግማሹ እስኪቀር አፍላው፤ አልኮሉ በሙሉ ይወጣል። በተጣራ ውኃ መልሰህ ልክ 250 ሙላው፣ ወደ 20 ዲግሪ አቀዝቅዘህ እንደገና ለካ። ሁለተኛው ይበልጣል። ልዩነቱን ለ0.0014 ስታካፍለው የአልኮሉ በመቶኛ ይመጣል፤ ለምሳሌ 1.008 የነበረው 1.015 ከሆነ ወደ 5 በመቶ ነው። ትንንሽ መስመሮቹ በደንብ የሚታዩበት ጠባብ ሃይድሮሜትር ከሌለህ እስከ 1 በመቶ ልትስት ትችላለህ።

ጠማቂው ከቨርጂኒያ

አመሰግናለሁ። እትዬ የጋን ዳር፣ ልክ ብለዋል፤ ባልዲውን በበረኪና ነው ያጠብኩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለቀለቅሁት። አዮዲኑንም ሞከርኩ፤ እንደ ቀለም ጠቆረ።

ይሄኛው ላይ አሁን ጥሩ ብቅል ብጨምርበት ይድናል? ደግሞስ ብቅሉን ከመግዛት ራሴ ባበቅል ይሻል ይሆን?

ስኳር ለኪ

ስታርቹ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር። ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ነጣ ያለ ብቅል በለብታ ውኃ አሽተህ ብትጨምርበት፣ 25 ዲግሪ ላይ ሦስት አራት ቀን ብታቆየው የበሰለውን ያህል ይበላው ነበር። ችግሩ የፋሻው ሽታ ነው። የበረኪናው ክሎሪን ከጌሾውና ከብቅሉ ፌኖሎች (ሽታ ሰጪ ውህዶች) ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ምላስ ከማይታመን ትንሽ መጠን ጀምሮ ይለየዋል፣ ጊዜም አያጠፋውም። ድፋው።

በረኪናውን ብትተውም ውኃው ራሱ አለ። በዋሽንግተንና በሰሜን ቨርጂኒያ የቧንቧው ውኃ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ክሎሪን ቢሆን ክፍት አድርገህ ብታሳድረው ይተን ነበር፤ ክሎራሚን በማሳደር አይሄድም፣ በማፍላትም ቶሎ አይወጣም። መጥመቂያ ዕቃ መደብር ካምፕደን የሚባል እንክብል አለ፤ አንዱ 75 ሊትር ያክማል፣ ስለዚህ ለ20 ሊትር ሩብ እንክብል ይበቃል። አድቅቀህ ውኃው ውስጥ አማስለው፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ አለቀ። ለዕቃ ማጽጃ ደግሞ የማይለቀለቀውን የአሲድ ማጽጃ ተጠቀም፤ በሊትር 1.5 ሚሊ ሊትር። አረፋውን አትፍራው።

በቆልት

ብቅል በቤት ይወጣል፤ ርካሽ ነው፣ የጠላ ጣዕሙም የሱ ይሻላል። አሜሪካ ላይ ግን ሦስት ወጥመድ አለው።

አንደኛ፣ ከሱቅ የምታገኘው የተፈተገ ገብስ አይበቅልም፤ ሽሉ ከገለባው ጋር ተነሥቷል። ከነገለባው ያለ ገብስ ፈልግ። ለዘር የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የፈንገስ መድኃኒት ስለተቀባ (ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም አለው) ለመጠጥ አይሆንም፤ ያልተቀባ መሆኑን ጠይቀህ ግዛ። 20 ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጠህ በሦስት ቀን ውስጥ 18 ካልበቀለ ለብቅል አትድከምበት።

አዘፋዘፉ፦ 8 ሰዓት ውኃ ውስጥ፣ 8 ሰዓት አንጠፍጥፈህ በአየር፣ እንደገና 8 ሰዓት ውኃ። ዝም ብለህ ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ብትተወው ይታፈናል፣ ይሸታል። መጥገቡን በሚዛን ታውቀዋለህ፤ 1 ኪሎው 1.55 ገደማ ሲሆን ይበቃል። ከዚያ እናቶቻችን በኮባ ጠቅልለው ድንጋይ እንደሚጭኑበት፣ አንተ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ማጥለያ ላይ አስቀምጠው፤ ወይም 5 ሳንቲ ሜትር አድርገህ አስጥተህ በቀን ሁለት ጊዜ አገላብጠው። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ፣ ሦስት ወይም አራት ቀን። ሥሩን አትይ፣ ያሳስታል። አንድ ፍሬ በጥፍርህ ሰንጥቀህ በገለባው ሥር የሚሄደውን ቡቃያ እይ፤ የፍሬውን ሦስት አራተኛ ሲደርስ አቁም። ከፍሬው ካለፈ ስኳሩን ራሱ እየበላው ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ማድረቁ ነው። የአብዛኛው ኦቨን ዝቅተኛው ሙቀት 77 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርጥብ ብቅል እዚያ ከገባ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ከካራሜሉ አትሻልም። ፀሐይ ወይም የፍራፍሬ ማድረቂያ፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ፣ ጥርስ ላይ ቀጭ እስኪል። ሲደርቅ ሥሩን በእጅህ አሽተህ አራግፈው፤ ይመርራል። ሦስተኛው ሻጋታ ነው። ጥቁር፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ካየህ ያንን ለቅሜ ልጠቀም ማለት የለም፤ ሁሉም ይጣል።

የጋን ዳር

ሲድንም ሲደፋም ተነጋገርን፤ አሁን አሠራሩን ልስጥህ። በ20 ሊትር ውኃ ልክ ነው።

ጥንስስ፦ 4 ሊትር የታከመ ውኃ፣ 250 ግራም የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፣ 200 ግራም የተፈጨ ብቅል። ከ22 እስከ 25 ዲግሪ። ሁለት ሦስት ቀን፤ በ19 ዲግሪ አራት ሊሆን ይችላል። ቀን አትቁጠር፤ ሽታው ከሣርነት ወደ ፍሬነት ሲዞርና ላዩ እፍ እፍ ሲል ደርሷል። ያኔ 1 ኪሎውን ቂጣ በአውራ ጣት ልክ ቆራርሰህ ከ600 ግራም ብቅል ጋር ጨምር። በአንድ ቀን ተኩል ቂጣው ይሟሟል፤ ሲፈላ ሙቀቱ ባልዲው ላይ በእጅ ይታወቃል።

ድፍድፍ፦ 3 ኪሎ እንኩሮ፣ የቀረው 700 ግራም ብቅል፣ 200 ግራም ተቀጥቅጦ የተከተፈ የጌሾ እንጨት፣ ገንፎ እስኪመስል ከ3 እስከ 4 ሊትር ውኃ። እንኩሮው ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ እንዳይገባ፤ ትኩሱ ያስነሣኸውን ጥንስስ ይገድለዋል። ባልዲው ሩቡ ባዶ ይሁን፣ ይነሣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በቀን አንዴ አማስለው፤ ከዚያ ክዳኑን አትንካው፣ ከአራት እስከ ስድስት ቀን።

የቀረውን 12 ሊትር ገደማ ውኃ ጨምረህ ግጠመው። በአገር ቤት የጋኑ አፍ ይመረጋል፤ ያንተ ኤርሎክ (ጋዝ የሚያስወጣ፣ አየር የማያስገባ መክደኛ) ያንን ይሠራል። ሁለት ሦስት ቀን። ድፍድፉ ታች ሲቀመጥ ላይ ያለው ይጠልላል፤ በቧንቧ ከመሃል ቅዳ። ጨርቅ ውስጥ አድርገህ አትጭመቀው! ያጠለልከውን ሁሉ መልሶ የሚያደፈርስብህ ያ ነው። የጌሾው እንጨት ታች ተኝቶ እንደ ወንፊት ስለሚሆን ቅጠል ብቻ የሚያስገቡ ሰዎች ጠላቸው ሲደፈርስ ይገርማቸዋል። ከ15 እስከ 16 ሊትር ጠላ ይወጣሃል፣ አልኮሉ ከ4 እስከ 5 በመቶ። በድፍድፉ ላይ 6 ሊትር ውኃ ጨምረህ አንድ ቀን ብታሳድረው ቅራሪ ነው።

ጭሱን በሦስት መንገድ ታገኘዋለህ። ጥሩው፣ የመጨረሻውን ውኃ የምትጨምርበትን ዕቃ የማይዝግ ብረት ድስት ማድረግ ነው፤ የወይራ እንጨት ፍርፋሪ (ለባርቤኪው የሚሸጠው ይሆናል) ከቤት ውጭ አጢሰህ ድስቱን ለ10 ደቂቃ ድፋበት፣ አንሥተህ ወዲያው ክደነው፣ ጭሱ ሳይወጣ ድፍድፉን ገልብጥ። ሁለተኛው፣ ከብቅሉ 200 ግራሙን በጀርመን የጭስ ብቅል መተካት ነው፤ እሱ ኢንዛይም አለው። ሽታው የወይራ አይደለም፣ ወደ ቋንጣ ይሄዳል። ሦስተኛው በጠርሙስ የሚሸጠው ፈሳሽ ጭስ ነው፤ እሱን ለሥጋ ተወው።

ስኳር ለኪ

ከየጋን ዳር ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፤ እርሾውን ለጌሾ ብቻ መተው። እዚህ የምናገኘው ጌሾ ስንት ወር መጋዘንና መደርደሪያ ላይ እንደቆየ አናውቅም። ጥንስሱ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተነሣ፣ ያንን ክፍተት የሚይዘው የማንፈልገው ነገር ነው። ቂጣው ሲገባ 3 ግራም ደረቅ የኤል እርሾ ብትጨምር ኢንሹራንስ ነው። ክቬይክ የሚሉት የኖርዌይ የገበሬ እርሾም ሙቀት ስለሚወድ ለበጋ ይሆናል።

የጋን ዳር

3 ግራም ይሁን፤ ግን ከጥንስሱ በኋላ እንጂ በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ሙሉ ፓኬት መጀመሪያ ላይ ከገባ ሌላው ሁሉ ሥራ ያጣል፣ የሚወጣው የጌሾ ቢራ ነው። የጠላ ለዛው ከእርሾው ጋር አብሮ ከሚመጣው ለስላሳ ኮምጣጣነት ነው፤ የእርጎ ዓይነት። እሱ ይመጣ፣ አትፍራው። የሚፈራው የኮምጣጤው ሽታ ነው፤ አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ አየር ገብቷል ማለት ነው። ክዳኑን በየቀኑ ከፍቶ የሚቀምስ ሰው ጠላውን ኮምጣጤ ያደርጋል። ላዩ ላይ ነጭ ስስ ቆዳ ከያዘ ደግሞ ሳታናውጠው ከሥሩ ቅዳና በዚያው ቀን ጠጣው።

ቀማሽ

ቢራ ለሚያውቅ ሰው ጠላን ከምን ጋር አስቀምጦ መቅመስ እንዳለበት ልበል፤ ብቻውን ሲቀመስ ምሬቱ ሌላውን ይሸፍነዋል።

አራት ብርጭቆ አሰልፍ። መጀመሪያ በርሊነር ቫይሰ የሚባለው የጀርመን ኮምጣጣ ቢራ፤ አልኮሉ 3 በመቶ ገደማ፣ ኮምጣጣነቱ የላክቲክ (የእርጎ ዓይነት) ነው። የጠላው ኮምጣጣነት ንጹሕ መሆኑን የምትለካው በእሱ ነው። ሁለተኛ ያንተ ጠላ። ሦስተኛ ብታገኝ የፊንላንድ ሳህቲ፤ የማይቀቀል፣ በጥድ ቅርንጫፍ የሚጠለል፣ በዳቦ እርሾ የሚፈላ የገበሬ ቢራ ነው፣ ከአውሮፓ ለጠላ የቅርብ ዘመዱ እሱ ነው። ቶሎ ስለሚበላሽ ከአገሩ ውጭ ብርቅ ነው። መጨረሻ የባምበርግ የጭስ ቢራ፤ ሽሌንከርላ ሜርትሰን 5.1 በመቶ ነው፣ በብዙ ሱቅ ይገኛል። ጭስ ምላስ ላይ ስለሚቆይ ከሱ በኋላ ሌላ አትቅመስ። የሊቱዌንያ ኬፕቲኒስ ቢገጥምህ ደግሞ አትለፈው፤ እነሱም ድፍድፉን እንደ ዳቦ ኦቨን ውስጥ ጋግረው ነው የሚጠምቁት፤ ቂጣና እንኩሮ የሚያውቅ ሰው የቅርፊቱን ጣዕም ወዲያው ይለየዋል።

ሙቀቱ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ይሁን። ከፍሪጅ እንደወጣ ከቀመስከው ምሬትና ቅዝቃዜ እንጂ ሌላ አታገኝም። ብርጭቆው የሳሙና ርዝራዥ እንዳይኖርበት። በመሃል ጨው የሌለው ነጭ ዳቦ ወይም ቆሎ። ሦስት ነገር ለያይተህ ጻፍ፦ ኮምጣጣነቱ (እርጎ ወይስ ኮምጣጤ)፣ ምሬቱ (ቶሎ የሚለቅ ወይስ ጉሮሮ ላይ የሚያሳስር)፣ ጭሱ (ወይራ ወይስ አመድ)። የአረንጓዴ ፖም ሽታ ካለው ቸኩለህ ቀድተኸዋል፤ አንድ ሁለት ቀን ጨምርለት። የቅቤ ሽታ ከሆነ ሙቀቱን ወደ 24 ዲግሪ ከፍ አድርገህ ሁለት ቀን ተወው።

የአገር ቤቱንም ዓይነት አትርሳ፤ ጠላ አንድ አይደለም። ጉሹ ሳይጠልል የሚጠጣው ነው፣ ወፍራምና ጣፋጭ። በጎጃም ዳጉሳ ይገባበታል፤ ቀላ ይላል፣ አጨራረሱም ደረቅ ነው። የጎንደሩ ኮረፌ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነው፤ ገብሱ ተፈትጎ፣ ታምሶ፣ ተፈጭቶ ከጌሾ ጋር ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ጥቂት ይወሰድና ውኃ ተጨምሮበት በማግስቱ ይጠጣል። ጊዜ ላለው ሰው የቀጣዩ ሙከራ እሱ ቢሆን እመርጣለሁ። ቦርዴና ሻሜታ የሚባሉት የአገር ቤት መጠጦች ጌሾ የላቸውም፤ ከጠላ ጎን አስቀምጠህ ጌሾው ምን እንደሚሠራ የምታየው በእነሱ ነው።

ጠማቂው ከቨርጂኒያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ስድስት ረድፍ ብቅልና ካምፕደን ገዛሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ እንደ ቢራ በጠርሙስ ማሸግ ይቻላል? አተላውንስ ምን አደርገዋለሁ?

ስኳር ለኪ

በመስታወት ጠርሙስ አትሸገው። ቢራ ሲታሸግ የቀረው ስኳር ይታወቃል፤ ጠላ ላይ ግን የቀረ ስታርችና የቀረ ኢንዛይም ስላለ ጠርሙሱ ውስጥ ስኳር መሥራቱን ይቀጥላል፣ ጋዙ አይቆምም፣ ጠርሙሱ ይፈነዳል። የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተጠቀም፣ ጎኑ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ክዳኑን ትንሽ አላላ። 3 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ኮምጣጣነቱ ይገፋል። እግረ መንገዴን፦ በፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት 200 ጋሎን ለራሱ መጥመቅ ይችላል፣ መሸጥ ግን አይቻልም። አተላውን አረቄ ላድርገው ብለህ ካሰብክ ደግሞ ተወው፤ ማንጠር በቤት አይፈቀድም።

የጋን ዳር

አተላው ከደረቀ ቅጠልና ካርቶን ጋር ተቀላቅሎ ለጓሮ ኮምፖስት ይሆናል፤ ዶሮ ያለው ጎረቤት ካለህም ሳትጠይቀው አታልፍም። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ውስጥ ብቻ እንዳትደፋው። እንኩሮው እዚያ ሲደርቅ ሲሚንቶ ነው።